ዲዲቲውም፣ ቱ ፎር ዲውም፣ የላውንደሪው ፈሳሽም፤ ክሎሪን ያለበት ሁሉ መርዝ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ላውንደሪ ቤት ይሠራል። አባቱ ገጠር ጤፍ ያርሳሉ፤ አረሙን የሚያጠፉት በቱ ፎር ዲ ነው። አያቱ ቤት ደግሞ ከድሮ የወባ ርጭት የተረፈ የዲዲቲ ዱቄት በቆርቆሮ ተቀምጧል። ባቄላው እንዳይነቅዝ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይነሰነስበታል። አንድ ጓደኛው «እነዚህ ሁሉ ክሎሪን ያለባቸው ናቸው፣ ያንተም የላውንደሪ ፈሳሽ እንደዚያው፤ ክሎሪን ካርቦን ላይ ከተጣበቀ በቃ መርዝ ነው» አለው። ደንግጦ ለወገቡ የታዘዘለትን መድኃኒት ወረቀት ሲያነብ ዳይክሎፌናክ ይላል፤ ስሙ ውስጥ «ክሎ» አለበት። ታዲያ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «መርዝ ከሆነ ለምን ይመረታል? ጥቅሙ ምንድን ነው? እኔስ የቱን ልፍራ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን ልንገርህ። ያ የዲዲቲ ቆርቆሮ ከባቄላው አጠገብ ዛሬ ነገ ሳይባል ይነሳ። እንዴት እንደሚነሳ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፤ ዝም ብሎ መጣልም ሌላ ጣጣ ስላለው።

ጓደኛህ ግማሹን ልክ ነው። ክሎሪን ካርቦን ላይ ሲጣበቅ የዚያ ነገር ጠባይ ይለወጣል። ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይለወጥም። ከእነዚህ ውስጥ ሰው ያዳኑ አሉ፣ ሰው የገደሉ አሉ፣ ሁለቱንም ያደረጉ አሉ። ኬሚስትሪ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ክሎሪን አለበት ወይ?» ብለው ሲጀምሩ አስቆማቸዋለሁ። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ይተናል ወይ? የሚወደው ውሃ ነው ወይስ ስብ? አፈር ውስጥ ወይም ጉበት ውስጥ የሚሰብረው አለ ወይ? እነዚህን ሦስቱን ካወቅክ ስሙን ባትሸመድደውም ከየት በኩል እንደሚጎዳህና የት ላይ እንደሚጠቅምህ ትገምታለህ።

አንድ የሚያምታታ ነገር እናጥራና እንቀጥል። ወጥ ውስጥ የምትጨምረው ጨው ከክብደቱ 60 በመቶ የሚሆነው ክሎሪን ነው። የአፍዴራም ሆነ የሌላ አገር ጨው ያው ነው። እዚያ ግን ክሎሪኑ የፈለገውን ኤሌክትሮን አግኝቶ ረክቷል፤ ውሃ ሲነካው ብቻውን ይዋኛል፣ ካርቦን የሚባል ነገር አልያዘውም። መድኃኒት ላይ «ሃይድሮክሎራይድ» የሚል ቃል ስታይም፣ ለምሳሌ የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ሜትፎርሚን ሃይድሮክሎራይድ፣ ያ እንደ ጨው ነው። መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ቶሎ እንዲሟሟ ተብሎ የተደረገ። በረኪናም ሌላ ነው፤ እዚያ ክሎሪኑ የተያያዘው ከኦክስጅን ጋር ነው። እኛ የምናወራው ክሎሪን ካርቦንን በቀጥታ ስለያዘባቸው ነው።

ሲይዘው ምን እንደሚሆን ለማየት ከባዮጋዝ ተነስ። ከከብት እበት የሚወጣው ሚቴን አንድ ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ነው። ጋዝ ነው፣ ክብሪት ሲነካው ይነዳል። አንዱን ሃይድሮጅን አውጥተህ በክሎሪን ብትተካው አሁንም ጋዝ ነው። ሁለት ስትተካ ግን ፈሳሽ ሆነ፣ ዳይክሎሮሚቴን፤ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፣ ማለትም ሰመራ ላይ በሞቃት ቀን ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ብትከፍተው እሳት ሳያስፈልገው ሊንፈቀፈቅ ይችላል። ቀለም መላጫ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ሦስት ስትተካ ክሎሮፎርም፣ በ61 ዲግሪ የሚፈላ። አራቱንም ስትተካ ካርቦን ቴትራክሎራይድ፣ በ77። ይሄ የመጨረሻው ጨርሶ አይነድም። እንዲያውም በአንድ ወቅት እሳት ማጥፊያ ውስጥ ይሞላ ነበር። ከሚነድ ጋዝ ተነስተን እሳት ማጥፊያ ላይ ደረስን፣ የቀየርነው አራት አቶም ብቻ ነው። በኋላ እሳት ማጥፊያነቱ የቀረው ጉበት ስለሚጎዳ፣ ደግሞም እሳቱ ላይ ሲግል ፎስጂን የሚባል ሳንባ የሚያበላሽ ጋዝ ስለሚያወጣ ነው።

ክሎሮፎርም በ1847 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ኤዲንብራ ውስጥ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን የተባለ ሐኪም ለወሊድ ምጥ ማደንዘዣ ያደረገው ነው። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ስትወልድ ተጠቅማበታለች። ማደንዘዣ ከመምጣቱ በፊት ሰው እግሩ ሲቆረጥ ነቅቶ ነበር፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ምን ያህል እፎይታ እንደነበር መገመት አያቅትም። የቀረው ልብ በድንገት ስለሚያቆምና ጉበት ስለሚጎዳ ነው። የተሻለ ማደንዘዣ ሲገኝ ተወው ተባለ። የእነዚህ ነገሮች ታሪክ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ትልቅ ችግር ይፈታሉ፣ ዋጋቸው ቆይቶ ይታወቃል።

አሁን ወደ ላውንደሪህ። «ደረቅ እጥበት» የሚባለው ደረቅ ስለሆነ አይደለም። ውሃ ስለሌለው ነው እንጂ ልብሱ ፈሳሽ ውስጥ በደንብ ይዘፈቃል። በብዙ ቦታ ያ ፈሳሽ ፐርክሎሮኢትሊን ነው፤ ሁለት ካርቦንና አራት ክሎሪን፣ ሃይድሮጅን የሚባል የለውም። ሠራተኞች ባጭሩ ፐርክ ይሉታል። ሱፉ ላይ ያለውን የዘይት እድፍ ያሟሟል፣ ሱፉን ግን አያኮማትረውም። በ121 ዲግሪ ስለሚፈላ ማሽኑ በእንፋሎት አውጥቶ፣ አቀዝቅዞ፣ እንደገና ይጠቀምበታል። አይነድም። ከእሱ በፊት ልብስ በቤንዚን መሰል ነገር ሲታጠብ ላውንደሪዎች ይቃጠሉ ነበር፤ ፐርክን ያስወደደው አንዱ ይሄ ነው።

ያንተ ማሽን ውስጥ ያለው እሱ መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ በርሜሉ ላይ ያለውን ስም አንብብ፤ ፐርክሎሮኢትሊን ወይም ቴትራክሎሮኢትሊን ሊል ይችላል። ስሙ ከተፋቀ በክብደቱ ለየው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። አንድ ሊትር ፐርክ ግን 1.6 ኪሎ። አምስት ሊትር የሚይዝ የታሸገ ጀሪካን ስታነሳ ስምንት ኪሎ ከከበደህ ፐርክ ነው ብለህ ጠርጥር። ከነዳጅ የሚሠራው ሌላው የማጠቢያ ፈሳሽ ቢሆን አራት ኪሎም አይሞላ። ክሎሪን ከባድ አቶም ነው፤ ብዙ ሲደረደር ክብደቱን እጅህ ያውቀዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ተማሪ በአንድ እጁ የውሃ፣ በሌላው እጁ የክሎሮፎርም ጠርሙስ ሲይዝ ፊቱ ላይ የሚታየውን መገረም እወደዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ እፍግታ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም።

ይሄ ክብደት ለጤናህ ሁለት ነገር ይነግርሃል። አንደኛ፣ የፐርክ ትነት ከአየር ከአምስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለል ላይ ይተኛል። መስኮት ብቻ ከፍቶ «አየር አለ» ማለት አይበቃም፤ ከታች የሚስብ ማራገቢያ ነው የሚያስፈልገው። ጎንበስ ብለህ የማሽኑን ማጣሪያ ስታጸዳ ራስህን ካዞረህ፣ አለመብላትህ ላይሆን ይችላል። ሽታው ጣፈጥ ያለ ነው፣ መጀመሪያ ቀን ይታወቅሃል፣ በሳምንቱ አፍንጫህ ይለምደዋል። ስለዚህ «አይሸተኝም» ማለት የለም ማለት አይደለም። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ለሰው ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ በጥብቅ ከሚጠረጠሩት ውስጥ መድቦታል። ካሊፎርኒያ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ላውንደሪ ቤት እንዳይጠቀምበት አግዳለች። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ከላውንደሪ በአሥር ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲወጣ ወስኗል። አሜሪካ ላውንደሪ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይሄን ቢያነቡ ለእነሱም ነው የምለው፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ካለች ማሽኑ ዘንድ አትመደብ።

ሁለተኛ፣ ከውሃ ስለሚከብድና ከውሃ ጋር ስለማይቀላቀል፣ መሬት ላይ ሲደፋ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ማሽኑ ሲጣራ የሚቀረውን ጥቁር ዝቃጭ ጓሮ የሚደፋ ሰው አይቻለሁ። ዘይት ቢሆን ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይቀር ነበር። ፐርክ ግን የከርሰ ምድር ውሃውን አልፎ ከሥሩ ይቀመጣል፣ ከዚያ ለዓመታት ትንሽ ትንሽ እየሟሟ ይወጣል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳብ ነው፤ ለዚህ ነው ይሄ ነገር እንቅልፍ የሚነሳኝ። ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት ከርሰ ምድር ውስጥ ባክቴሪያዎች ከፐርኩ ላይ ክሎሪኑን አንድ በአንድ ይነቅላሉ። ጥሩ ነገር ይመስላል አይደል? ግን ሦስቱን ነቅለው አንድ ሲቀር የሚገኘው ቪኒል ክሎራይድ ነው፣ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ። የመጨረሻዋን ክሎሪን የሚነቅሉት ጥቂት ዓይነት ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ በሌሉበት ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል። ክሎሪኑ እየቀነሰ መርዝነቱ ጨመረ ማለት ነው። «ክሎሪን በበዛ ቁጥር መርዙ ይበዛል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፐርክ ወይም ማንኛውም እንዲህ ያለ ፈሳሽ ባለበት ክፍል ብየዳ አይበየድም፣ ከሰል አይቀጣጠልም፣ ሲጋራ አይጨስም። «አይነድም» ማለት «አይበላሽም» ማለት አይደለም። ትነቱ በእሳት ውስጥ ሲያልፍ ያ ፎስጂን ያልኩህ ይወጣል። ሽታው አዲስ የታጨደ ሣር ይመስላል ይባላል፣ ጉዳቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ቤቱ ይገባል፣ ሌሊት ሳንባው ውሃ ይሞላል።

ወደ አባትህና ወደ አያትህ እንሂድ። ጥያቄህ ውስጥ በጣም ደስ ያለኝ ይሄ ነው፤ ሳታውቀው ሁለቱን ተቃራኒዎች ጎን ለጎን አስቀመጥካቸው። ዲዲቲም ቱ ፎር ዲም የቤንዚን ቀለበት ላይ (ስድስት ካርቦን ክብ ሠርተው የተያያዙበት ነው፤ ከመኪናው ቤንዚን ጋር አይምታታብህ) የተለጠፈ ክሎሪን አላቸው። ዲዲቲ በጠቅላላው አምስት ክሎሪን፣ ቱ ፎር ዲ ሁለት። ቤተሰባቸው ይመሳሰላል፣ ጠባያቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ቱ ፎር ዲ አሲድ ነው። ሞለኪውሉ አንድ ጫፉ ላይ ውሃ የሚወድ ክፍል አለው፣ መሀሉ ላይ ደግሞ በኦክስጅን የተያያዘ ቦታ። የአፈር ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ያንን መገጣጠሚያ ይቆርጡታል፣ ከዚያ ቀለበቱን ይከፍቱታል፣ ክሎሪኑ ወጥቶ እንደ ጨው ክሎሪን ይሆናል። እርጥብና ሞቅ ባለ አፈር ውስጥ በሳምንታት ይጠፋል። ሰው ቢውጠውም አብዛኛው በሽንት ይወጣል እንጂ ስብ ውስጥ አይከማችም። ጤፉን ትቶ አረሙን የሚገድለውም ክሎሪን ስላለው አይደለም። የተክል ማደጊያ ሆርሞን መስሎ ይገባል፤ ቅጠለ ሰፊው አረም ከልክ በላይ ለማደግ ሲጣጣር ይጠማዘዝና ይሞታል። ጤፍ ራሱ የሣር ዘር ስለሆነ ይቋቋመዋል። ለዚህም ነው ነፋስ ባለበት ሰዓት ሲረጭ የጎረቤት ኑግ ወይም ሽንብራ የሚጠወልገው፤ እነሱ ቅጠለ ሰፊ ናቸው። ለአባትህ ንገራቸው፦ ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ዓይናቸውን ሸፍነው። ዓይን ላይ በጣም ይከፋል።

«ቬትናም ላይ የተረጨው መርዝ ነው» የሚሉም አሉ። እዚያ የተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ ግማሹ ቱ ፎር ዲ ነበር፣ ይሄ እውነት ነው። ትውልድ የጎዳው ዳዮክሲን የሚባለው መርዝ ግን የመጣው ከሌላው ግማሽ ጋር ነው፣ ከቱ ፎር ፋይቭ ቲ፤ ሲመረት አብሮ የሚፈጠር ቆሻሻ ሆኖ። አንድ ክሎሪን ተጨምሮ ነው ያ ሁሉ። ቱ ፎር ዲ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ካንሰር የማምጣት ዕድሉ በደካማ ማስረጃ ቢሆንም የሚጠረጠር ነው፣ ስለዚህ ጓንትና መሸፈኛ ያስፈልጋል። ከዲዲቲ ጋር በአንድ ሚዛን ግን አታስቀምጠው።

ዲዲቲ ውሃ የሚወድ ጫፍ የለውም። ባክቴሪያ የሚጀምርበት መገጣጠሚያም የለውም። ውሃ ውስጥ ቢጨመር በሊትር ጥቂት ሚሊዮንኛ ግራም ብቻ ነው የሚሟሟው። ስብ ካገኘ ግን በሚሊዮን እጥፍ ስቡን ይመርጣል። አፈር ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት ከሁለት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፤ ሲበላሽም ወደ ዲዲኢ ነው የሚለወጠው፣ እሱም እንደ አባቱ ስብ ወዳድና የማይሞት። ትንሿ ዓሣ ከውሃው ትሰበስባለች፣ ትልቁ ዓሣ ብዙ ትንንሽ ይበላል፣ ዓሣ የሚበላው ወፍ ደግሞ የሁሉንም ይወርሳል። የንስሮችና የፔሊካኖች እንቁላል ቅርፊት እየሳሳ እናቲቱ ስትቀመጥበት የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነበር። እኛም አገር በዝዋይ ሐይቅ ዓሣ ውስጥ፣ በጫት ቅጠል ላይ፣ በእናቶች የጡት ወተት ውስጥ ተመራማሪዎች ቅሪቱን አግኝተዋል። ይሄን ስል እናቶች ጡት ማጥባት ይተዉ ማለቴ ጨርሶ አይደለም፤ ጥቅሙ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። መዘጋት ያለበት የሚመጣበት መንገድ ነው።

ግን ፍርድ ስንሰጥ ሙሉውን እንስጥ። ዲዲቲ በ1874 ተሠራ፣ ነፍሳት እንደሚገድል ግን እስከ 1939 ድረስ ማንም አላወቀም ነበር። ያንን ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዲዲቲ የነፍሳቱ ነርቭ ላይ ያለውን የሶዲየም በር ከፍቶ ያስቀረዋል፤ ተንቀጥቅጠው ይሞታሉ። ለወባ ርጭት የተመረጠው ራሱ ያ «መጥፎ» ጠባዩ ስለጠቀመ ነው። አይተንም፣ አይሰበርም፣ አንዴ ግድግዳ ላይ ከተረጨ ወራት ይቆያል። የእኛ እናቶች የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ረጭተው ሲሄዱ ግድግዳውን እንደገና በእበት ሲለስኑት መድኃኒቱ ከሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ ሠራተኞቹ ለምን ይማረሩ እንደነበር ይገባኛል። አዳሚ ቱሉ ያለው ፋብሪካ ለዚሁ ሥራ ዲዲቲ ያዘጋጅ ነበር። ኋላ ትንኟ ተለማመደችው፣ አገራችንም ወደ ሌሎች መድኃኒቶች ዞረች። የስቶክሆልም ስምምነት፣ ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው፣ ዲዲቲን በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር ከልክሎታል። እህል ላይ ፈጽሞ አይፈቀድም።

አያትህ ቤት ያለውን ደግሞ አስብ። ለወባ ርጭት ይመጣ የነበረው ዱቄት በተለምዶ 75 በመቶው ዲዲቲ ነበር። ስለዚህ «ትንሽ» ብለው ሲነሰንሱት ትንሽ አይደለም። ባቄላው ይታጠባል፣ የላይኛው አቧራ ይሄዳል፣ የቀረው አይሄድም። ተፈጭቶ ሽሮ ይሆናል። ሽሮው ድስት ውስጥ ከዘይቱ ጋር ሲንተከተክ፣ ዲዲቲው የሚፈልገውን ስብ አገኘ። የወጥ ሙቀት አይሰብረውም። ከሳህኑ የበላው ልጅ ሰውነት ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ይቀመጣል።

ጥቅሙን ጠይቀሃልና ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ልጀምር፤ በዓለም ላይ ከሚመረተው ክሎሪን ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ነው። የውሃ ቱቦህ፣ የመብራት ሽቦህ ሽፋን፣ የሆስፒታል የደም ከረጢት። ከክብደቱ 57 በመቶው ክሎሪን ነው፣ ግን አንተን አይጎዳህም፤ ሰንሰለቱ በጣም ረጅም ስለሆነ አይተንም፣ ሕዋስ ውስጥ አይገባም። የሚሠራበት ጋዝ ግን ያው ቪኒል ክሎራይድ ነው። በ1974 አሜሪካ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ እጅግ ብርቅ የሆነ የጉበት ካንሰር ሲደጋገም ነው ጉዱ የወጣው። ቱቦው ደህና፣ ፋብሪካው አደገኛ። እንዲህ መለየት መቻል አለብን።

ፒቪሲ አደጋ የሚሆነው ሲቃጠል ነው። ሰፈራችን ጀርባ ባለ ባዶ ቦታ ልጆች አሮጌ ሽቦ ሰብስበው፣ ፕላስቲኩን አቃጥለው መዳቡን ለመሸጥ ያወጣሉ። አንድ ምሽት ቆሜ አየሁ። እሳቱ አረንጓዴ ነበር፣ ጥርት ያለ የሚያምር አረንጓዴ። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ መዳቡ ነው» አለኝ። ልክ ነው፣ ግን ግማሽ። መዳብ ብቻውን ያን ያህል አያበራም፤ ክሎሪን ሲያገኝ ነው። ባይልሽታይን የሚባል ኬሚስት በ1872 ይሄንኑ ለመመርመሪያ አድርጎታል። የመዳብ ሽቦ ታግላለህ፣ የማታውቀውን ነገር ታስነካለህ፣ እሳቱ አረንጓዴ ካለ ክሎሪን ወይም ዘመዶቹ አሉበት። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ በሽቦ ጫፍ የምንሠራውን ምርመራ እነዚያ ልጆች በየምሽቱ በኪሎ ይሠሩታል፣ አፋቸውን በሻርፕ እንኳ ሳይሸፍኑ። ጭሱ ውስጥ ጉሮሮ የሚያቃጥል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለ። ከዚያ የከፋው ደግሞ መዳቡ ራሱ ዳዮክሲን እንዲፈጠር ማገዙ ነው። አመዱ የሚቀረው እዚያው ዶሮ በሚጭርበት መሬት ላይ ነው፤ ዳዮክሲኑ ወደ እንቁላሉ ስብ ይሄዳል። ሽቦው በቢላ ተልጦ ቢሸጥ መዳቡ ሳይጠቁር ስለሚወጣ ንጹሕና የተሻለ ነው። ልጆቹን ከማባረር ይሄን ማሳየት ይሻላል። አሳይቻቸው ሁለቱ መላጥ ጀመሩ።

ለመድኃኒትህ አትጨነቅ። ዳይክሎፌናክ ውስጥ ያሉት ሁለት ክሎሪኖች አንዱን ቀለበት ገፍተው ያጣምሙታል፣ በዚያ ቅርጽ ነው ሕመም የሚያመጣው ኤንዛይም ላይ ልክክ የሚለው። ጨጓራና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፣ ሐኪሙ ካዘዘልህ በላይ አትውሰድ፤ ግን ያ ጉዳት የክሎሪኑ አይደለም፣ ክሎሪን የሌለው አይቡፕሮፌንም ያደርገዋል። ክሎሮኩይንም አንድ ክሎሪን አለው። አስበው፣ ወባን ከግድግዳው በኩል የተዋጋው ዲዲቲና ከደሙ በኩል የተዋጋው ክሎሮኩይን፣ ሁለቱም ከዚህ ቤተሰብ ናቸው። አንዱ ስብ ውስጥ ተደብቆ ዓመታት ሲኖር፣ ሌላው ሥራውን ሠርቶ ቀስ እያለ ይወጣል። ክሎራምፌኒኮል የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ ጭራሽ የሰው ፈጠራ አይደለም፤ መጀመሪያ የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው። ተፈጥሮ ራሷ በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ነገሮች ትሠራለች። ላም ላይ የተጣበቀችው ሴቷ መዥገር ወንዱን የምትጠራበት ሽታ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዳይክሎሮፌኖል ነው፣ ከቱ ፎር ዲ ጋር የቅርብ ዘመድ።

ፍሪጅ ላይ አልቆይም። የድሮዎቹ ፍሪጆች ጋዝ ክሎሪንና ፍሎሪን የያዘ፣ የማይነድ፣ የማይሸት፣ ሰው የማይጎዳ ነበር። ምድር ላይ የሚሰብረው ስለሌለ ሰማይ ድረስ ወጣ፣ እዚያ ፀሐይ ስትሰብረው አንዲቱ ክሎሪን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን ኦዞን እስከ መቶ ሺህ ሞለኪውል ታፈርሳለች። በ1987 ሞንትሪያል ላይ አገሮች እንዲቀነስ ተስማሙ፣ በኋላም ጭራሹን እንዲቀር ተወሰነ። ጋዝ የሚሞላልህ ባለሙያ አሮጌውን ዝም ብሎ አየር ላይ እንዳይለቀው ንገረው።

ላውንደሪ ስለምትሠራ ይሄን አትርሳ፦ በረኪናን ከአልኮል ጋር አትቀላቅል፣ ክሎሮፎርም ይፈጥራል። ከአሲድ ጋር ደግሞ፣ ሎሚም ይሁን የሽንት ቤት ማጽጃ፣ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

አሁን ቆርቆሮው። ቤት ውስጥ አይከፈት፣ አይገለበጥ። ጓንት አድርገህ፣ አፍህን ሸፍነህ፣ እንዳለ በሁለት ወፍራም ፌስታል ጠቅልለህ እሰረው፣ ላዩ ላይ «መርዝ» ብለህ በትልቁ ጻፍ። ከመኖሪያው፣ ከጎተራውና ከከብቱ ርቆ ልጅ የማይደርስበት ቁልፍ ያለው ቦታ ይቀመጥ፣ ከዚያ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይነገር። አይቃጠል፤ በእንጨት እሳት አይጠፋም፣ ከ1,100 ዲግሪ በላይ የሚነድ ልዩ ምድጃ ነው የሚፈልገው። ኢትዮጵያ ጊዜ ያለፈበትን የፀረ ተባይ ክምችቷን በመቶዎች ቶን እየጫነች ወደ አውሮፓ ልካ ያስቃጠለችው ለዚህ ነው። አይቀበርም፣ ወንዝም አይጣልም። ባዶ ሲሆንም ለቆራሌው አይሰጥ፤ ነገ የሌላ ሰው ቤት የዘይት መያዣ ሆኖ ይመጣል። ዱቄቱ የነካው ባቄላ አይበላ፣ ለዶሮም አይሰጥ፤ እሱም ታስሮ ከቆርቆሮው ጋር ይቆይ።

አያትህ ግን ያለ ምክንያት አልነሰነሱትም። ነቀዝ የዓመት ቀለብ ይጨርሳል። ስለዚህ ባዶ እጅህን «ተዉት» ለማለት አትሂድ። ሦስት ሽፋን ያለው አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት ይዘህ ሂድ፣ በእርሻ ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል። ባቄላው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል ይድረቅ። የውስጠኛው ከረጢት ሲሞላ አየሩን በእጅ ጨምቆ አውጥቶ አጥብቆ ማሰር፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ከዚያ የውጪውን። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን ኦክስጅን ራሱ ጨርሶ ይሞታል። ቢያንስ ለአንድ ወር ተኩል አይከፈት። አይጥ እንዳይቀድደው ደግሞ ከግድግዳው ራቅ አድርገህ በቆጥ ላይ አስቀምጥላቸው።